እንግዳችሁን ወዴት ትወስዱታላችሁ?



ከገጠር ዘመድ ሲመጣ ወይም ከዐረብ አገር ወንድም እኅት ለዒድ ሲገባ፣ በየቤቱ "የት የት እናሳያቸው?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም ብዙውን ጊዜ ያው ነው። መርካቶ ወርዶ ታላቁን አንዋር መስጂድ ማሳየት፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ማታ ደግሞ ቦሌ። እነዚህ አይታዩ አንልም። ነገር ግን ጀሞ ወይም ለቡ የሚኖር ቤተሰብ እንግዳውን ታክሲ አሳፍሮ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ፣ በራሱ ደጃፍ ያለውን ሳያሳየው እንደሚመልሰው ታዝበናል። ልጆቹም ቢሆኑ ስለ ሰፈራቸው ሲጠየቁ ከታክሲ መውረጃው ስም በቀር የሚያውቁት ጥቂት ነው። በዚህ እትም ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ልንወስዳችሁ ያሰብነው ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ ስሙን እንመልከት። አገራችን ከስልክ ጋር የተዋወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የሽቦ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ኋላ ሽቦ የማያሻው የሬዲዮ መሣሪያ ሲመጣ ሕዝቡ የፈረንጁን ቃል አልተበደረም፤ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ነውና "ንፋስ ስልክ" አለው። የሬዲዮ ጣቢያው የነበረበት ሰፈርም በዚያው ተጠራ። ዛሬ እያንዳንዱ ወጣት ንፋስ ስልክ በኪሱ ይዞ ሲዞር፣ የሰፈሩ ስም የያዘው ትርጉም ግን ተረስቷል።

"ላፍቶ" በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። "መካኒሳ"ም እንዲሁ የኦሮምኛ ስም ሲሆን ትርጉሙ ብሳና ነው። እንግዲህ የታክሲ ረዳቱ "መካኒሳ! ላፍቶ!" እያለ ሲጣራ የሁለት ዛፎችን ስም እየጠራ ነው ማለት ነው። ለልጆች የምንመክረው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከአባታቸው ወይም ከአያታቸው ጋር ወጥተው በላፍቶ ግራር፣ በመካኒሳ ብሳና ይፈልጉ። ግራርን በእሾሁና እንደ ጃንጥላ በተዘረጋው አናቱ ይለዩታል። ብሳና ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ሲያረጅ ብርቱካንማ ሆኖ ስለሚረግፍ ከሩቅ ይታወቃል፤ አበባውንም ንብ ይወደዋል። ፍለጋው ብዙ ሊያደክም ይችላል፤ የዛፎቹ ቦታ በሕንፃና በአስፋልት ተይዟልና። ያገኙ ግን ከዛፉ ሥር ቆመው ለእንግዳቸው የሰፈሩን ስም ከነምክንያቱ ሊነግሩት ይችላሉ።

ሳር ቤትም እንዲሁ ስሙ ብቻ ነው የሳር። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ አቅጣጫ ትንሽ እንደ ሄዳችሁ በቻይና መንግሥት ስጦታ የተሠራውና በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ይታያል። ከክፍለ ከተማው ድንበር ወጣ ይላል፤ ይሁን እንጂ እዚህ ድረስ መጥቶ ሳያዩት መመለስ አይገባም። የዋናው ሕንፃ ቁመት 99.9 ሜትር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ኅብረቱን ለመመሥረት በሲርት ከተማ መግለጫ የወጣበትን ቀን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 9/9/1999ን እንዲያስታውስ ነው። ቦታው ግን ከዚያ በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው። "ዓለም በቃኝ" ይባል የነበረው ወህኒ ቤት የቆመው እዚሁ ነበር። በበርካታ መንግሥታት ዘመን ስንቱ አባት ወደዚያ ገብቶ ቀርቷል። እንግዳው የመስታወቱን ሕንፃ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲጨርስ ይህንንም ንገሩት። ከቤተሰቡ ውስጥ ያንን ዘመን የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ደግሞ ቃሉን ለእሳቸው መተው ነው።

የሚቀጥለው ለእናቶች የሚስማማ ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራው የገበያ ማዕከል መጣ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ብርቱካኑ በጭነት መኪና የሚራገፍበትን ለማየት ከፈለጋችሁ ከፈጅር ሰላት በኋላ ሳትዘገዩ ሂዱ። ረፋድ ላይ የሚደርስ ሰው ግርግሩን እንጂ ገበያውን አያገኝም። ትንንሽ ልጆችን ባትወስዱ ይሻላል፤ ተሸካሚውና መኪናው መንገድ አይሰጥም።

አትክልት ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ክፍለ ከተማ በኩል የሚወርደውን ትንሹ አቃቂ ወንዝ ሳንጠቅስ አናልፍም። በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። ከላይ ሲያዩት ለዓይን ደስ ይላል። ይሁንና ከተማው ቆሻሻውን የሚለቅበት ወንዝ በመሆኑ፣ በውኃው በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እንዲህ ያለውን ብረት ደግሞ እጥበት አያስወጣውም። የወንዙን ዳር ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ወጣቶች ቢያዩት ይበጃል እንላለን፤ ለዉዱእ የምንጠቀምበትን ውኃ እንዳናባክን የሚያስተምረን ዲን ወንዝን ስለሚያበላሽ ሰው ምን እንደሚል መጠያየቅ የሚቻለው እዚያ ቆሞ ነው።

ምሳን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በቄራዎች ድርጅት የሙስሊሙ ዕርድ ለብቻው የሚከናወን ሲሆን፣ በቄራና በጎፋ አካባቢ የሙስሊም ሥጋ ቤት የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ቤቶች አይጠፉም። ከእንግዳው ጋር ሴቶች ካሉ ለዙህር የሚቆሙበት መስጂድ የሴቶች መስገጃ ያለው መሆኑን ቀድሞ ማጣራት ነው።

ለልጆች ከሁሉ የሚበልጠው የለቡ ባቡር ጣቢያ ይመስለናል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ሲሆን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ጊዜና አቅም ያለው ቤተሰብ ከዚህ ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ ሐረር በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ 82 መስጂዶች እንዳሉና ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆዩ መሆናቸውን ዩኔስኮ መዝግቧል። የመንገደኛ ባቡሩ የጉዞ ቀን ስለሚለዋወጥ ጓዛችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት ቲኬት ቢሮ ጠይቁ።

ሐረር የራቀበት ሰው ከጀሞ በዓለም ገና አድርጎ የቡታጅራን መንገድ ይያዝ። ስልጤና ጉራጌ የሆነ ወገናችን በዐረፋ ሰሞን ወደ አገሩ ሲጎርፍ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ሆኖም በጥድፊያ ስለሚያልፍ በግራና በቀኝ ያለውን አያይም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ አለ፤ በአዋሽ ዳር የጥንት ሰዎች የሠሩባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ስፍራ ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ በሶዶ ጉራጌ የጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። በበዓሉ ጉዞ መሐል አንድ ሰዓት ቆም ብሎ ለልጆች ማሳየት ማንንም አያዘገይም።

እዚሁ ለሚውል ደግሞ የጀሞ ፎቆች ሰገነት አለለት። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ የፉሪ ተራራ ጎልተው ይታያሉ። ወደ ፉሪ መውጣት የምትፈልጉ ወጣቶች መንገዱን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር እንጂ ብቻችሁን አትሂዱ። ውኃና ቴምር ያዙ፤ ዐስርን እዚያው ሰግዳችሁ ሳትቆዩ መውረድ ከጀመራችሁ፣ ኢንሻ አላህ ለመግሪብ ሰፈራችሁ ትደርሳላችሁ።