ያልተለካው ጎርፍ

ለአማካሪዬም፣ ለባለቤቴም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ለዓመታት የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፤ «መረጃ ይቀረኛል።» ውሸት አልነበረም። ግን የተደበቅሁት እዚያው እውነት ውስጥ ነው። ኑዛዜ ከሆነ አይቀር ከዚህ ልጀምር።

የዶክትሬት ጥናቴ በኩልፎ ደለል ላይ ነው። ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች፣ ከጨንቻ በኩል ካለው ደጋ ይነሣና አርባ ምንጭን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ቱሪስት በጀልባ የሚሄድበት «አዞ ገበያ» እዚያው መግቢያው አካባቢ ነው። ወንዙ በየዓመቱ ምን ያህል አፈር እንደሚያወርድ ማወቅ ለዓሣ አጥማጁም፣ ቆላ ላይ ሙዝ ለሚያለማውም፣ ደጋ ላይ ማሳው ለሚታጠብበት ገበሬም ጉዳይ ነው። አርባ ምንጭም የዚህ ጥያቄ ተገቢ ቦታ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1979 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው። ጥያቄውን ወድጄ ነው የያዝሁት፤ ዛሬም እወደዋለሁ። የከበደኝ መጻፉ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም ውሃው በጠርሙስ ይቀዳል፤ ላቦራቶሪ ገብቶ በማጣሪያ ወረቀት ይጣራል፤ ወረቀቱ በ105 ዲግሪ ደርቆ ይመዘናል። ከማድረቂያው በወጣው ወረቀት ላይ ቀላ ያለ ስስ አፈር ይቀራል፤ በጥፍር ቢነኩት ይረግፋል። ከአንድ ሰው ማሳ የተነሣ አፈር ነው። እንዲህ የተገኘው የደለል መጠን ከወንዙ ፍሰት ጋር በግራፍ ላይ በነጥቦችና በመስመር ይዛመዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍሰቱን ያወቀ ደለሉን ይገምታል። ችግሩ፣ አብዛኛው አፈር የሚወርደው በጥቂት ትልልቅ ጎርፎች ነው። ጎርፉ ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ቀን ቢመጣም ጠርሙስ ይዘው የሚገቡበት አይደለም። ስለዚህ መስመሩ ነጥብ የሚያጣው ነጥብ እጅግ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው። ይህ የኩልፎ ብቻ አይደለም፤ በየትም አገር ደለል የሚለካ ሁሉ የሚታገለው ጣጣ ነው።

እኔ ግን ክፍተቱን መኖሪያ አደረግሁት። ሚያዝያ ሲመጣ «የዘንድሮን ጎርፍ ልያዝና እጽፋለሁ» እላለሁ። ግንቦት ያልፋል። የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ይከተላል፤ እሱንም እጠብቃለሁ። ወንዝ ዳር መዋል ደስ ይለኛል። እጄ ይሠራል፣ ጫማዬ ጭቃ ይነካል፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ፤ ደክሞት የገባን ሰው ደግሞ ማንም ሰነፍ አይለውም። እሱን ነበር የምፈልገው። ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ የዋለ ሰው ድካሙ ለማንም አይታይለትም።

ለመናዘዝ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እስካልጻፍሁት ድረስ ጥናቴ ግሩም ነው። በሐሳቤ ያለውን ዲዘርቴሽን ፈታኝ አያገኘውም፤ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» የሚል የለም። ሲቀላ ገበያ ስወርድ ባለሱቁ ገና ከአሁኑ «ዶክተር» ይለኛል። በአክብሮት ነው የሚለኝ፤ እኔ ግን ሳልከፍል ዕቃ ይዤ የምወጣ ይመስለኛል። ፈራሁ ማለት ይቀለኛል፤ ሥሩ ግን ኩራት ነው። ያነሰ ነገር ጽፌ ከመታየት ምንም ሳልጽፍ ትልቅ ሆኜ መጠበቅን መርጫለሁ።

ኩልፎ ላይ ካለው ድልድይ አጠገብ የወንዙን ከፍታ የሚያነቡ አንድ አዛውንት አሉ። ጠዋትና ማታ ይወርዳሉ፤ ውሃው ውስጥ የቆመውን ባለቁጥር ዘንግ አይተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ደብተሩን ሳገላብጥ ያው አንድ ቁጥር ከላይ እስከ ታች የተደጋገመበት ገጽ አገኘሁ፤ የጥር ወር ነው።

«ጋሼ፣ ውሃው ካልተለወጠ በየቀኑ ለምን ይደክማሉ?» አልኋቸው።

«ካልወረድሁ አለመለወጡን በምን ዐውቃለሁ ልጄ?» አሉኝ።

የጋሼን መልስ የሚያስታውሰኝ፣ ሮበርት ቦይስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ጥናት አለ። መጻፍ የከበዳቸውን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከፋፍሎ አንዳንዶቹ ሲያሰኛቸው ብቻ፣ ሌሎቹ አሰኛቸውም አላሰኛቸውም በተቆረጠላቸው ጊዜ እንዲጽፉ አደረገ። ራሳቸውን አስገድደው የጻፉት በገጽ ብቻ ሳይሆን በአዲስ ሐሳብም በለጡ። ሳነበው ተናደድሁ። ሐሳቡ ሲበስል እጽፋለሁ እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ መከታዬን ነው የወሰደብኝ።

አሁን ጠዋት ለማስተማር ከመግባቴ በፊት፣ ስልኬን ከአጠገቤ አርቄ፣ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ። ስነሣ የነገው ከየት እንደሚጀምር በአንድ መስመር አስቀምጣለሁ። የምጽፈው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ደካማውን ለአማካሪዬ መላክ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል፤ ቢሆንም እልካለሁ።

«መረጃ ይቀረኛል» እያልሁ ያዘገየሁትን ምዕራፍም ጎርፉን ሳልይዝ ጻፍሁት። ልኬቴ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግምት መሆኑን፣ ግምቱ በምን በኩል ሊዛነፍ እንደሚችል አንድ በአንድ አስቀመጥሁ። በናሙናዎቼ ውስጥ የዝናቡ መጀመሪያ ላይ፣ ማሳው ታርሶ አፈሩ ራቁቱን ሳለ የሚወርደው ውሃ፣ ቆይቶ ሰብሉ አፈሩን ከሸፈነ በኋላ ከሚወርደው እኩል ፍሰት ይልቅ የደፈረሰ መሆኑን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ ለዓመታት ላፕቶፔ ውስጥ ነበሩ። ወንዝ ዳር ሆኜ አላየሁትም፤ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ሲጻፍ ነው የታየኝ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዲዘርቴሽኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘንጉን የሚያነቡልኝ አዛውንትም፣ ከማሳቸው የሄደውን አፈር የመዘንሁባቸው የደጋ ገበሬዎችም አያነቡትም። ጋሼ «ያ የምትገለብጠው ቁጥር ምን ተገኘበት?» ብለው ጠይቀውኝ አፈር ጨመረም ቀነሰም ሳልል ተለያይተናል። ስለዚህ ዲፌንሱን ሳልጠብቅ፣ የደረስሁበትን ሁለት ገጽ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አልቋል። ሁለተኛው ላይ፣ አፈሩ በየትኛው ወር እንደሚሄድባቸው ከነገርኋቸው በኋላ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል የምለው ገና አልተጻፈም።