ስለ ሠርግ ዳስና ስለ ገበታ ማስጌጥ

የቃና ዘገሊላ በዓል ጥር 12 ቀን ከተከበረ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በሐረር ከተማ ሠርግ የማይደገስበት ሰንበት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ወራት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በፈረስ መጋላ አደባባይ የቆመ ሰው በአበባና በጥብጣብ የተሸለሙ ሦስት አራት አውቶሞቢሎች ጥሩምባቸውን እየነፉ በተራ ሲያልፉ ያያል። የክርስቲያኑ ሠርግ ከሙስሊሙ፥ የከተሜው ከባላገሩ ልዩ ልዩ ቢሆንም በሁሉም ዘንድ ዛሬ አንድ አዲስ ነገር ገብቶአል፤ ይኸውም ዲኮር የሚባለው ነው።

ዲኮር ማለት ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት በስተኋላ ነጭ ወይም ወርቅማ ጨርቅ ተሸንሽኖ ተሰቅሎ፥ የላስቲክ አበባ በቅስት ተሠርቶ፥ የሙሽሮቹ ስም በኤሌክትሪክ መብራት ተጽፎ፥ ዙፋን የመሰሉ ሁለት ወንበሮች ቀርበው የሚታይበት መድረክ ነው። እኔ ይህን ነገር ከሚንቁት ሰዎች ወገን አይደለሁም። ጨርቁ በውል ከተሸነሸነ የተላላጠ ግድግዳ ይሰውራል፤ መብራቱም ለፎቶግራፍ ይመቻል። ዳሩ ግን ገንዘቡ ሁሉ በዚያ በአንድ ግድግዳ ላይ ያልቅና እንግዳው የሚቀመጥበት ገበታ ምንም ሳይደረግለት ይቀራል። እንግዳ መድረኩን የሚያየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ገበታውን የሚያየው ግን እስኪነሣ ድረስ ነው።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ብራና ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀለም አቀብል ነበር። ጽሑፉ በጥቁር ይጻፍና የጌታና የእመቤታችን የቅዱሳንም ስም በቀይ ይገባል። ሐረግ የሚባለውም ጌጥ በመጽሐፉ ወይም በክፍሉ ራስጌ ይሣላል እንጂ በየገጹ አይሣልም። ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ የከበረው ስም የትኛው እንደ ሆነ ማን ይለየው ነበር? ይህን ሥርዓት ወደ ገበታ ማምጣት ይቻላል። የሐረር ስፌት ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ሐምራዊና ጥቁር ቀለም በአንድነት የሚገናኙበት ነው፤ እንዲህ ያለ መሶብ አበባ በታተመበት ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ከሥሩ ምንም ጌጥ የሌለበት ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ። ጥበብ ያለው ሸማ ከተፈለገም ጥበቡ በገበታው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ይውረድ።

ጨርቁን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ፥ ስሙን ከስፌት መኪናው ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር፥ ልብስ ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ። አቡጀዲ ገዝቶ ለወሰደላቸው ሰው ቆሞ ሳለ ጠርዙን ቀምቅመው ይሰጡታል። ጨርቁ ከገበታው ጠርዝ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቢወርድ ይበቃል። ዲኮረኞች እስከ መሬት የሚጥሉት ጨርቅ ለዓይን ያማረ ነው፤ ወጥ የሚያዞረውን ወጣት ግን እግሩን ይጠልፈዋል።

በኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ለበዓል ገበታ የሚያሰናዱ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ገበታው ካማረ በኋላ ቆመው አይፈርዱም፤ በየወንበሩ ተራ በተራ ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው ምን እንደሚታይ ይመረምሩ ነበር። ከአገጭ ከፍ ያለ አበባ ያነሡታል፤ ባለንጀራን ከባለንጀራው ፊት የሚጋርድ ነው ይሉ ነበርና። ይህ ትምህርት ለእኛ አገር ገበታ ይልቁንም ይስማማል። ምክንያቱም እኛ በአንድ መሶብ ዙሪያ ሆነን በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን፤ መካከሉ የመሶቡ ቦታ ነው። አበባ ያለበት ዕቃ መካከሉን ከያዘ መሶቡ ወደ ዳር ይገፋል፤ ሰውም ክንዱን የሚዘረጋበት ያጣል። አበባው በሁለት መሶብ መካከል ወይም በገበታው ጫፍ ይሁን። የመሶቡም ክዳን እንግዳ ሳይቀመጥ አይነሣ፤ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የገበታው ክዳን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ከማናቸውም ዲኮር የሚበልጥ ትዕይንት ነው።

ስለ አበባ ጥቂት ልጨምር። አደይ አበባ የመስከረም ነው፤ በጥር የሚፈልጋት ሰው የላስቲኳን ያገኛል። አገራችን ጽጌረዳ በአውሮፕላን ጭና ወደ ውጭ አገር እየሸጠች እኛ የላስቲክ አበባ ከባሕር ማዶ ገዝተን ማምጣታችን ይደንቀኛል። በሐረር በየአጥሩ የሚወጣው ቡገንቪሊያ ያለ ዋጋ ይገኛል። ዳሩ ግን ከተቆረጠ ፈጥኖ የሚጠወልግ ስለ ሆነ በሠርጉ ዕለት ጧት ተቆርጦ፥ ግንዱ ተጥሎ፥ አበባው ብቻ ውኃ በያዘ ዝርግ ሳሕን ላይ ይንሳፈፍ። መዓዛ የለውምና አሪቲና ጠጅ ሣር ከጎኑ ይደረግ። ቀጤማ ሠርገኛው ሊገባ ሲል ይጎዝጎዝ፤ ከሌሊት የተጎዘጎዘ እስከ ቀትር ድረስ ገለባ ይሆናል። ዕጣን የሚጤስበት ማጨሻም ከተሸነሸነው ጨርቅ ይራቅ፤ ይህ የናይሎን ጨርቅ እሳት ከነካው ለመሸሽ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። መብራቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን፤ ነጩ አምፖል የዶሮውን ወጥ አመድ ያስመስለዋል።

ቤትን በስፌት ማስጌጥ የሐረሪዎች ጥበብ ነው። ገይ ጋር በሚባለው ቤታቸው ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ ሽማግሌው፥ እንግዳው፥ ልጁ እያንዳንዱ የሚቀመጥበትን ያውቃል። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ይሸለማል። የወለሉም ቅላት በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየም ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖርዋን ይናገራል። እንግዲህ በዚህ ቤት ጌጡ ሁሉ ቃል አለው። የአባቶቻችንም የግብር አዳራሽ እንዲሁ ነበረ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ግብር መኳንንቱ በፊት፥ ወታደሩ በኋላ በተራ እየገባ ሲበላ እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ቦታ ማዕርጉን ያነብ ነበር። ዳስ የሚያሰናዳ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ወንበሩን ባኖረበት ቦታ እንግዳውን አንድ ነገር ይለዋል።

ይህን የምጽፈው ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ስትዳር ዳሱን የማሠራት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የእኅቴ ቤት ከፈረስ መጋላ በስተጀርባ ነው፤ ጎረቤትዋም አንዲት አረጋዊት ሐረሪ ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለችው ትንሽ በር በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ተዘግታ አታውቅም። አማቼ ሲሞት ድንኳን ሳይተከል ቀድመው ቡና አፍልተው የመጡ እርሳቸው ነበሩ። ለሠርጉም የግድግዳ ስፌታቸውን ሁሉ ሊያውሱን ቃል ገብተው ነበር።

ዲኮረኛው መጥቶ ለካና በወረቀት ነድፎ ሰጠን። ዋጋው የሁለት በሬ ዋጋ ነበረ። በንድፉ መሠረት መድረኩና የለበሰው ገበታ በግቢው ውስጥ ይሆናል፤ የሙስሊም ጎረቤቶች ገበታ ግን ሥጋው እንዳይደባለቅ ከቤቱ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ተራ ሸራ ተዘርግቶለት ይደረጋል። ሥጋው መለየቱ ደንብ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚፈልገው ነው። ከዚያ ግን መድረኩ አይታይም፤ መብራት እንኳ አልታሰበለትም።

ሴቶቹ ሽንኩርት ሊከትፉ በተሰበሰቡበት ቀን አረጋዊቷ ወረቀቱን አሳየኝ አሉኝ። አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለእኛ ከኋላ ይበቃናል ልጄ፤ ሙሽራይቱን ግን ስትወጣ እናያት ይሆን?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግሥቱ ስፌቱን ልንወስድ ልጅ ብንልክ ቁልፉ ጠፍቶብኛል የሚል መልስ መጣ። የሐረር ሰው የተናገሩት ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

እኅቴ አለቀሰች። «ጋሼ፥ የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት ሠርግ ለእኔ ሠርግ አይደለም» አለችኝ። የልጅቱ አባት ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሠርገኛ ምን ይለናል ብሎ ተጨነቀ። እኔም በዚያ ሌሊት ከሁለት ልጆች ጋር ገመድ ይዤ ሁለቱን ግቢ ለካሁ። ትንሺቱ በር ያለችበትን አጥር ሁለት ክንድ ያህል ከፍተን ዳሱን በሁለቱ ግቢ ላይ በርዝመቱ ዘረጋነው። መግቢያው በረጅሙ ጎን መካከል ሆነ፤ ሙሽሮቹ ከመግቢያው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ስለዚህ የክርስቲያኑ ገበታ በስተቀኝ፥ የሙስሊሙ በስተግራ ሆኖ ከሙሽሮቹ ያላቸው ርቀት እኩል ሆነ። ማእድ ቤቱ ግን ሁለት ነው። በዳሱ በአንዱ ጫፍ የእኛ፥ በሌላው ጫፍ ደግሞ አፎቻ የሚባለው የጎረቤቶች ማኅበር ራሱ ያረደበትና በራሱ ድስት ያበሰለበት ነበር። ጭልፋ ከጭልፋ አልተገናኘም። ይህ የማን ገበታ ነው የሚል ጽሕፈት መለጠፍም አላስፈለገም፤ በየወገኑ የሚያስተናግዱት ወጣቶች የታወቁ ናቸውና የመጣው ሁሉ ፊታቸውን አይቶ ቦታውን ያዘ።

ጨርቁ፥ አበባው፥ ወንበሩ፥ መብራቱ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበረ። ጠጅ በማይቀርብበት ገበታ ላይ ብርዝ በብርሌ ቢሆን የሁለቱ ገበታ ቀለም ይተካከላል ብዬ አስቤ የአፎቻውን ሽማግሌዎች አስቀድሜ ጠየቅሁ። ብርሌ የጠጅ ዕቃ ነውና በብርጭቆ ይሁንልን አሉ። እኔም በሁለቱም ወገን ብርጭቆ እንዲቀርብ አደረግሁ፤ በእኛ በኩል ያሉ አንዳንድ ሽማግሌዎች ጠጅ በብርጭቆ አይጥምም ብለው አጉረመረሙ፥ ግን ጠጡት። በብርጭቆ የገባ ብርዝና ጠጅ በዚያ ብርሃን ሲታይ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ከምግብ በኋላ ቁጢ በወተት የቀረበው ለሁሉም ነው።

ዲኮረኛው የላስቲክ አበባውን ቅስት መልሶ ወሰደ፤ የከፈልነው ለወንበሩና ለመብራቱ ብቻ ሆነ። አረጋዊቷም አዲሱን ንድፍ ካዩ በኋላ ቁልፉ ተገኘ። አርባ ሁለት ስፌት ከነክዳናቸው አወጡልን። ራሳቸው ወንበር ይዘው ተቀምጠው ይህን ወደ ላይ፥ ያን ወደ ታች እያሉ ከሙሽሮቹ በስተኋላ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ አሰቀሉ። ትልልቆቹ በመካከል፥ ዝርግ የሆኑት ጥንድ ጥንድ ሆነው በዳርና በዳር ተደረደሩ፤ በሁለቱ ጥንድ መካከል አንድ ስንዝር ባዶ ግድግዳ እንዲተው አጥብቀው አዘዙ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሠርገኞች ከመብላታቸው በፊት እዚያ ግድግዳ ሥር ፎቶግራፍ ሲነሡ ቆዩ።

አሁን በሥራዬ ከማውቀው አንድ ምክር ልስጥ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ከሠርግ በኋላ የሚነሣ ክርክር ብዙ መዝግቤአለሁ። የተከራየው ወንበር ጎደለ፥ የተዋሰው ስፌት በሌላ ተለወጠ፥ ለጌጥ የተበደረው ገንዘብ ቀኑ አለፈ የሚል ነው። ሙሽሮቹ ልጅ ታቅፈው ለዳሱ ዕዳ ሲከራከሩ አይቼአለሁ። ስለዚህ ስፌት የሚዋስ ሰው በየስፌቱ ጀርባ የባለቤቱን ምልክት በክር ይሰር፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ በሁለት ምስክር ያስፈርምበት። ዘመድ ነን ብሎ መተው አይገባም፤ ዘመድ ስለ ሆኑ ነው መጻፍ የሚያሻው። ብድርን በተመለከተ የእኔ አሳብ፥ በዕለቱ ከሚበላና ከሚጠጣ በቀር ለምንም ነገር አይበደሩ የሚል ነው።

ስፌት ሲመለስ በውኃ አይታጠብም፤ ሣሩ ያብጣል፥ ቀለሙም ይፈስሳል። ቅቤ የነካውን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየጫኑ መምጠጥ፥ ከዚያም ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ማዋል ነው፤ ፀሐይ ቀዩን ያደበዝዘዋል። የእኛን ሰኞ ዕለት አርባ ሁለቱን ቆጥረን ስናስረክብ አረጋዊቷ ወረቀቱን ተቀብለው ከተመለከቱ በኋላ አርባ ብለህ አስተካክል አሉኝ። ሁለቱን ጥንድ ለሙሽራይቱ አስቀርተውላት ኖሮአል። ወረቀቱን አስተካክዬ ምስክሮቹ እንደ ገና ፈረሙበት። የተከፈተው አጥር ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ እኅቴ ለክረምቱ በር እናስገባበታለን ትላለች።