የትኛው ይበልጣል?

በየካቲት ወር አንድ ምሽት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰፈራችን በሙሉ መብራት ጠፋበት። ትንሿ ልጄ ቤት ውስጥ ያለው ጨለማ ስላስፈራት አቅፌያት ደጅ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ፈሷል። እሷም ፍርሃቷን ረስታ አንጋጣ ቆየችና በጣቷ ሁለት ኮከቦች አሳየችኝ። አንዱ ከአናታችን ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለ፣ ከሁሉም ደምቆ የሚንቦገቦግ፤ ሌላው ከሱ ሥር፣ ወደ አድማሱ ዝቅ ያለ።

"አባዬ፣ የትኛው ይበልጣል?"

"የላይኛው ነዋ!" ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

የላይኛው ሲሪየስ ነው፤ በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ። የታችኛው ካኖፐስ ነው፤ በድምቀት ሁለተኛው። ለዓይናችን ሲሪየስ ካኖፐስን እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ግን ሲሪየስ ጎረቤታችን ነው፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8.6 ዓመት ብቻ ይበቃዋል። የካኖፐስ ብርሃን ግን 310 ዓመት ያህል ይጓዛል። ያን ምሽት ልጄ ያየችው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነው። ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ ሁለተኛ ከወጣ፣ እዚያው ምንጩ ላይ ምን ያህል ቢሆን ነው? ሲሪየስ ከፀሐያችን 25 ጊዜ ያህል ይደምቃል። ካኖፐስ ከ10,000 ጊዜ በላይ!

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሰማይ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቅርብ ያለ መዳብ ሩቅ ካለ ወርቅ በልጦ ያበራል።

ሕጉ ቀላል ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ ርቀቱ 10 ጊዜ ሲያድግ ብርሃኑ ወደ መቶኛ ይወርዳል። በእጃችን የያዝነው ጧፍ ማዶ ተራራ ላይ ከሚነደው ደመራ በላይ ፊታችንን የሚያበራው ለዚህ ነው። ጥንታውያን ግሪኮች ኮከቦችን እንደ ክፍል ተማሪ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ደረጃ ሰጥተዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ኖርማን ፖግሰን ያንን ደረጃ በሒሳብ አሰረው፤ በ1ኛውና በ6ኛው መካከል ያለው ልዩነት ልክ 100 እጥፍ ይሁን አለ። ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራበታል። ግን የሚለካው እኛ ዘንድ የደረሰውን እንጂ ኮከቡ የላከውን አይደለም። የላከውን ለማወቅ ርቀቱን ማወቅ ግድ ነው።

ርቀቱስ እንዴት ይለካል? ሜትር ይዞ የሚሄድ የለም።

አውራ ጣታችሁን ፊት ለፊት ዘርጉና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይናችሁ ብቻ እዩት። ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል። በቀረበ ቁጥር ብዙ ይዘላል፣ በራቀ ቁጥር ጥቂት። ሁለቱን ዓይኖቻችሁን 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አራርቃችሁ አስቡ፤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በስድስት ወር ልዩነት የምትቆምባቸው ሁለት ቦታዎች ማለት ናቸው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 "61 ሲግኒ" የተባለችውን ኮከብ በዚህ መንገድ ለካት። ያገኘው ማዕዘን የ1 ብር ሳንቲም ከ18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሲታይ የሚኖረውን ስፋት ያህል ነው። የሰው ልጅ ኮከብ ምን ያህል እንደሚርቅ በአስተማማኝ ልኬት ያወቀው ያኔ ነው።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ኮከቡ በጣም ሲርቅ ዝላዩ ይጠፋል። ያንን ወሰን የጣሰችው ሄንሪየታ ሊቪት ናት።

ሊቪት አሜሪካ፣ በሃርቫርድ ኮሌጅ የኮከብ መመልከቻ በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት ትሠራ ነበር። የመስማት ችሎታዋ ደክሞ ነበር። ሥራዋ ከፔሩ የሚላኩ የመስታወት ፎቶግራፎችን እያመሳከረች፣ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ የሚሉ ኮከቦችን መልቀም ነበር። ማጄላን ደመና ከሚባሉት ሁለት የኮከብ ክምችቶች ብቻ 1,777 ተለዋዋጭ ኮከቦችን ለቀመች። እ.ኤ.አ. በ1912 ከትንሹ ደመና 25ቱን መርጣ ስታነጻጽር ሥርዓት አገኘችባቸው፤ ደማቅ የሆነው ኮከብ ከድምቀት ወደ ድምቀት ለመመለስ ረጅም ቀን ይወስዳል፣ ደብዛዛው አጭር።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ማታ ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ሸለቆውን ተሻግሮ ያለ አንድ መንደር ስትመለከቱ፣ ፋኖሶቹ ሁሉ ከእናንተ የሚርቁት እኩል ያህል ነው። ስለዚህ ደምቆ የታያችሁ ፋኖስ የእውነትም ደማቅ ነው። ትንሹ የማጄላን ደመና ለሊቪት ያ ማዶ መንደር ሆነላት። ከዚያ ወዲህ፣ ሴፌይድ ከሚባሉት ከነዚህ ኮከቦች የአንዱን ርቀት በሌላ መንገድ ማወቅ ከተቻለ፣ የሌሎቹን ለማወቅ የሚያስፈልገው ቀን መቁጠር ነው። ቀኑ እውነተኛ ድምቀቱን ይናገራል፤ እውነተኛው ከሚታየው ጋር ሲነጻጸር ርቀቱን ይሰጣል።

በኅዳር ምሽት፣ ከከተማ ብርሃን ርቃችሁ፣ አንድሮሜዳን እንደ ደብዛዛ ጭጋግ በዓይናችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1923 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል እዚያ ውስጥ ድንገት የፈነዳ ኮከብ ያገኘ መስሎት ነበር። ቆይቶ ሲያጣራ ሴፌይድ ሆኖ አገኘው፤ የቀድሞውን ምልክት በፎቶው ላይ ሰርዞ "ተለዋዋጭ!" ብሎ ጻፈበት። በሊቪት ሕግ ሲያሰላው 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል ራቀ። ጭጋጓ እንግዲህ የኛው የፍኖተ ሐሊብ ጓሮ ሳትሆን ሌላ ጋላክሲ ናት። ልኬቱ ራሱ ጉድለት ነበረበት፤ በኋላ ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ሲታወቅ ርቀቱ እጥፍ አደገ፣ ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል መሆኑ ይታወቃል። ሊቪት ግን እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሰር ሞታ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ስዊድናዊ የሒሳብ ሊቅ ለኖቤል ሊያጫት ደብዳቤ ጻፈላት፤ መሞቷን አልሰማም።

በዘመናችን ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ያንኑ የአውራ ጣት ዘዴ ይዛ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት የአንዲት ፀጉር ውፍረት እስከ መለካት በሚደርስ ጥራት፣ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ኮከቦችን መዝግባ ሥራዋን ጨርሳለች።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "የታችኛው ይበልጣል፤ ያነሰ የመሰለሽ ሩቅ ስለሆነ ነው" ብቻ አልኳት። ብዙም ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ወዲያው መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ጮኹ። በራችን ላይ ያለው አምፖል ቦግ ሲል ካኖፐስ፣ 10,000 ፀሐይ የሚያህለው ካኖፐስ፣ ከሰማዩ ጠፋ።

ልጄ አምፖሉን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ መልሳ አምፖሉን አየች።

"ቅርብ ስለሆነ ነው አይደል?" አለችኝ።