ያልተጻፈበት ላስቲክ



ባለፈው ክረምት እኛ የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ለመስክ ሥራ ወደ ድሬዳዋ አካባቢ ወጥተን ነበር። ልባችን ያለው ሐርላ ላይ ነበር። እዚያ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪና የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። እኛም የሆነ ነገር እናገኛለን ብለን ጓጉተን ነበር።

መስኩ ግን መጀመሪያ ያስተማረን ትዕግሥትን ነው። አፈሩን በካዙላ ጥቂት በጥቂት መፋቅ፣ በወንፊት መንፋት፣ እያንዳንዱ ገል ከየትኛው ጉድጓድና ከስንተኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ላስቲኩ ላይ መጻፍ። ዙህር ሲደርስ ወጥተን በጀማዓ እንሰግዳለን፤ ከዚያ እንደገና ወደ አፈሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ወረደ። ጉድጓዱን በሸራ ለመሸፈን ስንሯሯጥ አምስት ዶቃዎችን ላስቲክ ውስጥ ከተትንና ሳንጽፍበት ቀረን። ይህን ያወቅነው ካምፓስ ተመልሰን፣ ላብራቶሪ ውስጥ ገሉን በጥርስ ብሩሽ እያጠብን ስንቆጥር ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ «አራተኛው ንብርብር መሰለኝ፤ እንጻፈውና ይለፍ» አለ። ብንጽፈው ማንም አያውቅብንም። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ አንዷ እህታችን፣ «ኢስናድ የሌለው ሐዲስ ቢነገራችሁ ትቀበላላችሁ?» አለች።

መልስ አልነበረንም። ዶቃ ብቻውን ዘመኑን አይናገርም። በዚያው ንብርብር የተገኘው ከሰል ዕድሜው በካርቦን ይለካል፤ አብሮት የነበረው ዶቃም በእሱ ይታወቃል። እኛ በግምት የጻፍነውን ቁጥር ነገ ሌላ ተመራማሪ አምኖ ይጠቅሰዋል፤ ከእሱ ደግሞ ሌላው ይወስዳል።

ሄደን ለመምህራችን ነገርናቸው። ተቆጡን። ዶቃዎቹም «ቦታቸው ያልታወቀ» ተብለው ተመዘገቡና ከቆጠራው ወጡ። በክረምቱ ካገኘነው ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ስለነበሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። ያም ሆኖ በሐሰት ከሚቆጠሩ መውጣታቸው ይሻላል።

ታሪካችን በቅጡ አልተጻፈም እያልን ብዙ ጊዜ እናዝናለን። ተራው ለእኛ ሲደርስ ግን ያላየነውን አየን እንዳንል አላህ ይጠብቀን፤ አማና ነውና። በመጪው ክረምት አብራችሁን የምትወጡ ካላችሁ፣ ኢንሻአላህ፣ የማይለቅ ማርከር ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ዝናቡ ሳይመጣ ጻፉ።