ላም አለኝ በዘጠነኛ ፎቅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሆቴል ነው። ‹‹እኛንና ትልቅ ሆቴልን ምን አገናኘን?›› እንዳትሉኝ። ዘንድሮ ሙሽራው ሁሉ የሰርጉን ሌሊት የሚያድረው ሆቴል ሆኗል። ሚዜ አዋጥቶ፣ አክስት ከአሜሪካ ልካ፣ ሙሽራው የእቁብ ዳኛውን ለምኖ... ብቻ እንደምንም ተብሎ ሁለት ሌሊት ይያዛል።

ጉዱ የሚመጣው ታዲያ ክፍሉ ከተያዘ በኋላ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ፈገግተኛ ልጅ ጎንበስ ትልና ‹‹ትንሽ ብትጨምሩ እኮ ክለብ ፍሎር ላይ እናደርጋችሁ ነበር›› ትላለች። ያቺ ‹‹ትንሽ›› የምትባል ቃል ስንቱን አቃቅራለች መሰላችሁ!

ክለብ ፍሎር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ሆቴል ‹‹ኤግዘኪዩቲቭ ፍሎር›› ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው። ከላይኞቹ ፎቆች አንዱ ወይም ሁለቱ ይለያሉ። እዚያ ያደረ እንግዳ ላውንጅ የሚባል የራሱ ሳሎን አለው። ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ሻይ ቡናና ኩኪስ፣ ማታ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያህል መጠጥና የሚቀማመስ ነገር ‹‹በነፃ›› ይቀርባል። ነፃ የሚሉት እነሱ ናቸው እንጂ እናንተማ ቀድማችሁ ከፍላችሁበታል። ምዝገባውም እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ነው፤ ወረፋ የለም። አልጋው ግን በብዙ ሆቴሎች ታች ካለው አልጋ ጋር አንድ ነው። መዋኛውም ጂሙም ብዙ ጊዜ ለታችኛው እንግዳም ክፍት ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔና ያኔ እጮኛዬ የነበረው ባለቤቴ ለጥር ሰርጋችን የእሁድንና የሰኞን ሌሊት ያዝን። የክፍሉ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል። ለክለብ ፍሎሩ ደግሞ በሌሊት 8,000 ብር ጨምሩ ተባልን፤ ‹‹ፕላስ ፕላስ›› አለችን ልጅቷ። ይህቺን ‹‹ፕላስ ፕላስ›› እወቋት! የመጀመሪያዋ ፕላስ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ናት። ሁለተኛዋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ናት፤ እሷም የምትሰላው የመጀመሪያዋ ከተደመረች በኋላ ነው። ስለዚህ 8,000 የተባለው 8,800 ይሆንና መጨረሻ ላይ 10,120 ብር ሆኖ ቁጭ ይላል። የሁለት ሌሊቱ 20,240 ብር! ዋጋውን በዶላር የሚነግሯችሁም አሉ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለተደረገ ዛሬ የሰማችሁትን ሂሳብ ከሁለት ወር በኋላ ላታገኙት ትችላላችሁ።

እኔ እስክሪብቶ አወጣሁ። እሁድ ሰርግ ነው። ፎቶው፣ እራቱ፣ ኬኩ፣ ጭፈራው ሁሉ አልቆ ሆቴል የምንገባው ቢፈጥን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የላውንጁ የምሽት ግብዣ ከ11፡30 እስከ 1፡30 ብቻ! ሰኞስ? ሰኞ መልስ ነው። ጠዋት ቁርስ በልቼ ወደ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤተሰቦቼ። ማታ ስንመለስ ላውንጁ ተዘግቷል። ማክሰኞ 6 ሰዓት ላይ ክፍሉን እናስረክባለን። ቁርሱ እንደሆነ ድሮም ተከፍሎበታል። እንግዲህ ለሃያ ሺህ ብራችን የሚተርፈን ሰኞ ጠዋት በችኮላ የምንጠጣው ሁለት ማኪያቶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ!

ሂሳቡን አሳየሁት። አየና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

‹‹አንቺ የማኪያቶ ዋጋ ታሰያለሽ። እኔን እኮ ማኪያቶ አላማረኝም›› አለኝ።

‹‹ታዲያ ምን አማረህ?››

‹‹‹ይቀመጡ› መባል።››

ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ሆቴል በር ላይ እንግዳ አውርዷል፣ እንግዳ ጭኗል። ሻንጣውን ለበረኛው አስረክቦ ይመለሳል እንጂ ከመስታወቱ በር አልፎ አያውቅም። ለካስ እሱ በልቡ ሲያሰላ የኖረው ሌላ ሂሳብ ኖሯል!

ሦስት ቀን ሙሉ እንደነገሩ ሆነን ከረምን። እሱ ይደውላል፣ እኔ ‹‹እሺ፣ አይ›› እላለሁ። ሃያ ሺህ ብር ለእኛ ቀልድ አይደለም፤ የምንገባበት ቤት ውስጥ ፍሪጅ እንኳ አልነበረም። በአራተኛው ቀን እማዬ ‹‹ምን ሆናችሁ?›› ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። እማዬ ሆቴል ገብታ አታውቅም። ‹‹ልጄ፣ ባልሽ ያማረውን ነገር አትከልክይው። ግን ሊበላው በሚችልበት ቀን ይሁን›› አለችኝ።

ተገላገልኩ! የሰርጉን ሁለት ሌሊት ተራው ክፍል ውስጥ አደርን፤ እንደፈራነው ላውንጁ ክፍት በነበረበት ሰዓት ሁሉ እኛ ውጭ ነበርን። ገንዘቡን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ ለፍሪጁ ተጨመረ፣ ግማሹ ባንክ ተቀመጠ።

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ ሄድን። ጭማሪው 9,000 ገብቶ ስለነበር ከነፕላስ ፕላሱ 11,385 ብር ከፈልን። ክፍል መግቢያው 8 ሰዓት ነው ሲሉን ልክ 8 ሰዓት ላይ ደረስን። ‹‹ይቀመጡ ጌታዬ›› አሉት፤ ተቀመጠ። ዋኘን፣ ሻይ ጠጣን። 11፡30 ላይ ላውንጁ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን። እኔ አልጠጣም፤ እሱ ሁለት ቢራና አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣ። ዓሣው፣ ዶሮው፣ ሳምቡሳው ጠግበን ራት አላማረንም። እዚያው ሆቴል ታች ሬስቶራንቱ ገብተን ለሁለት ሰው ራትና ያንን ሁሉ መጠጥ ብናዝ፣ የቀኑንም ሻይ ቡና ብንጨምርበት፣ ሂሳቡ ከከፈልነው ብዙም አይርቅም ነበር። ሲመሽ ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ቁልቁል በሩን አየ። ሹፌሮች ከመኪናቸው ተደግፈው እንግዳ ይጠብቃሉ። ‹‹እዚያ ጋ ነበር የምቆመው›› አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራም። እኔም ዝም አልኩ።

ያው ፎቅ፣ ያው ላውንጅ በጥር ብክነት ነበር፤ በሰኔ ግን ዋጋው ተገኘበት። ሆቴሉ የሚሸጥላችሁ ሰዓት ነው፤ እናንተ ግቢው ውስጥ በማትገኙበት ሰዓት የሚቀርበው ቢራ የጎረቤት ቢራ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ‹‹እንጨምር ወይስ ይቅር?›› ሲላችሁ የሚከተሉትን አስቡ።

አንደኛ፣ በግብዣው ሰዓት የት ናችሁ? ከዱባይ ዕቃ የምታመጣ ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ዴራ ገበያ ዋለች ማለት ሆቴሏን የምታየው ለመተኛት ብቻ ነው። ለእሷ ክለብ ፍሎር ከንቱ ነው። ቀጠሮዎቹን እዚያው ሆቴል ውስጥ ለሚያደርግ የቢሮ ሰው ግን ላውንጁ ቢሮም ካፌም ይሆንለታል።

ሁለተኛ፣ ቁርስ በክፍላችሁ ዋጋ ውስጥ አለ? ካለ የላውንጁን ቁርስ ከሂሳቡ አውጡት። ከሌለ ግን በትልልቆቹ ሆቴሎች የሁለት ሰው ቁርስ ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ ጭማሪው ሊያዋጣችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ትጠጣላችሁ? የምሽቱ ግብዣ ዋናው ወጪ መጠጡ ነው። ሁለታችሁም የማትጠጡ ከሆነ የሌላውን ሰው ወይን ነው የምትከፍሉት።

አራተኛ፣ ቀኑ የጾም ነው? ይህን የውጭ አገር መጽሔት አይነግራችሁም! ረቡዕና አርብ የምትጾሙ ከሆነ ከቺዙ፣ ከሥጋውና ከኬኩ ፊት ቆማችሁ ኦቾሎኒ ለቅማችሁ እንዳትመለሱ። የጾም ምግብ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ጭማሪው ለአንድ ሰው ነው ለሁለት? ላውንጁስ በዚያ ቀን ክፍት ነው? ለጥገና ተዘግቶም ጭማሪው ሊጠየቅ ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ በምሽቱ ሰዓት ሕፃን የማያስገቡ ላውንጆች እንዳሉ እወቁ። እንግዳ ይዛችሁ ልትገቡ ካሰባችሁም ክፍያ አለ ወይ በሉ።

ስድስተኛ፣ የመጨረሻው ዋጋ ከነፕላስ ፕላሱ ስንት ነው? ‹‹ጠቅላላውን ጻፊልኝ›› በሏት። አታፍሩ! እዚያ ቆሞ ሂሳብ መጠየቅ ድህነት አይደለም። ደግሞ እወቁት፤ በብዙ ሆቴሎች ጭማሪውን ለሸጠ ሠራተኛ ኮሚሽን አለው። ልጅቷ ሥራዋን ትሥራ፣ እናንተም የእናንተን ሥሩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለጥንዶች። አንዳችሁ በብር ስታሰሉ ሌላኛችሁ በምን እያሰላ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ‹‹ምን አማረህ?›› ባልል ኖሮ ባለቤቴ መኩራራት ፈልጎ ነው ብዬ እስከ ዛሬ በያዝኩበት ነበር።

የከርሞ ሰው ይበለን። ቸር ይግጠመን!