ወረቀቱ ይንቀሳቀስ

የተሰፋ ደብተር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ቀድሞ እንደተጻፈ። ሰኞ የሰማሁት የእህል ዋጋ፣ ማክሰኞ አንድ አዛውንት ስለ ድሮ ገበያ ያጫወቱኝ፣ ሐሙስ ሌሊት ብልጭ ያለልኝ ሐሳብ፣ ሁሉም በመጡበት ተራ ይሰለፋሉ። ስፈልጋቸው ግን በተራቸው አልፈልጋቸውም። የአዛውንቱ ጨዋታ የሚያስፈልገኝ ስለ ገበያ ልጽፍ ስቀመጥ ነው። ያኔ ግማሹ አንድ ደብተር ውስጥ፣ ግማሹ ሌላው ውስጥ፣ የቀረው የደረሰኝ ጀርባ ላይ ይገኛል።

ባለ ቀለበት ክላሴር ይህን የሚፈታው በቀላል ዘዴ ነው። ቀለበቱ ይከፈታል፣ ሉኩ ይወጣል፣ መሰሎቹ ወዳሉበት ይገባል። ሲሞላም ያረጀው ወጥቶ አዲስ ወረቀት ይጨመርበታል።

በመጣበት ተራ የተጻፈን መልሶ የመደርደር ጣጣ ለከተማችን ለይጁቤ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚሁ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ሁሉ የገነነ ነበር። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይመጣበታል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርድበታል፤ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ጎጃም ተቀምጦ፣ እርሱ ራሱ ያልረገጣቸውን የአባይ ማዶ አገሮች ከነጋዴዎችና ከመንገደኞች እየጠየቀ መዝግቧል። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ቋንቋውን ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ1845 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የቃላት ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ አሳተመ።

እስቲ አስቡት። ነጋዴ የሚመጣው ገበያው በሚቆምበት ቀን ነው እንጂ በቋንቋ ተራ አይደለም። ዛሬ ከአባይ ማዶ የእናርያ ሰው ይገኛል፣ በሚቀጥለው ገበያ የሌላ አገር ሰው። የሰማው በመጣለት ተራ፣ ያሳተመው በቋንቋ ተራ። በሁለቱ መካከል ማንም የማያየው ከባድ ሥራ አለ፤ መለየት፣ ማቧደን፣ አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጦ ማስተያየት። አብዛኞቻችን የምንደክመው እዚህ ላይ ነው። መጻፉን እንጽፋለን፤ የጻፍነውን ግን ቦታ አናስይዘውም።

ቦታ ማስያዝን በደንብ የሚያውቁት የቀበሌ ጤና ኬላ ባለሙያዎች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኋላ ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ፎልደር አዘጋጀ፤ ፎልደሩ በየጎጡ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኔን የሚደንቀኝ ግን በወራት የተከፋፈለው ሳጥን ነው። የነፍሰ ጡሯ ወይም የሕፃኑ ካርድ የሚገባው ቀጣዩ ቀጠሮ በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ነው። እናቲቱ በኅዳር መጥታ ለጥር ከተቀጠረች ካርዱ ወደ ጥር ይዛወራል። ጥር ሲያልቅ እዚያው ክፍል የቀረ ካርድ ካለ፣ ያልመጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ባለሙያዋ ተነስታ ቤቱ ትሄዳለች። ይህን ሥራ የሚሠራው የካርዱ መንቀሳቀስ ነው። አሁን ነገሩ ወደ ታብሌት እየዞረ ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው።

እኔም ይህንኑ ወደ ክላሴሬ አመጣሁት። የዘንድሮ ሥራ አንድ ክፍል አለው፤ በየወሩ የሚታይ ነገር ሌላ ክፍል አለው፤ የሰማሁትና ያነበብኩት በየጉዳዩ ይገባል። የክፍሎቹን ቁጥር አላበዛም። ክፍል ሲበዛ ወረቀቱ የት እንደሚገባ መወሰን ራሱ ሥራ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ መወሰን ሲሰለቸው የጻፈውን ጠረጴዛ ላይ ይከምራል።

የሚንቀሳቀስ ወረቀት ግን መታወቂያ ይፈልጋል። ደብተር ላይ ያለ ጽሑፍ ከፊቱና ከኋላው ያለው ይመሰክርለታል፤ የተነጠለ ሉክ ምስክር የለውም። ስለዚህ በአንድ ሉክ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፍ፤ አናቱ ላይ ርዕሱ፣ ቀኑና ከማን እንደተሰማ ይስፈር። ጀርባውም ባዶ ይቅር። «ይህ ሁሉ ወረቀት ማባከን አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጀርባው ላይ ሌላ ጉዳይ የተጻፈበት ሉክ ሁለት ቦታ መሄድ አለበት፤ ሁለት ቦታ መሄድ ደግሞ አይችልም።

ለምትገዙ ሰዎች አንድ ምክር አለኝ። ቀለበቱን ቁጠሩ። የተለመደው የቢሮ ወረቀት መብሻ የሚበሳው ሁለት ቀዳዳ ነው፤ በመካከላቸው 8 ሳንቲ ሜትር አለ። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ዞኔከን እ.ኤ.አ. በ1886 መብሻውንና ማቀፊያውን ካስመዘገበ ወዲህ ነገሩ ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ይህ ልክ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኗል። ሦስት ቀለበት ያለው የአሜሪካ ክላሴር ቢያምርም፣ ለእርሱ የሚሆን ወረቀትና መብሻ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ድረስ ልትንከራተቱ ትችላላችሁ። ባለ ሁለቱን ከያዛችሁ አንድ ደስጣ ወረቀት ይበቃችኋል።

ስልክ እያለ ለምን ይህ ሁሉ ለሚለኝ ወጣት መልሴ አጭር ነው፤ ስልክ ፍለጋ ላይ ያሸንፈኛል። ነገር ግን አሥር ሉክ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንዱን ከሌላው ሳስተያይ የማገኘውን እርሱ አይሰጠኝም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ክላሴር ፈጽሞ የማይገባበት ቦታ አለ። የእድርና የእቁብ መዝገብ። ወረቀት በቀላሉ የሚገባበት ነገር ወረቀት በቀላሉ የሚወጣበትም ነው። ደረሰኝ ተጠርዞ ተከታታይ ቁጥር የሚታተምበት ለዚሁ ነው፤ መሃል ላይ አንዱ ቢጎድል ወዲያው ይታያል። የጥንቶቹም ይህን ያውቁ ነበር። የመሬት ስጦታና የቤተ ክርስቲያን ንብረት በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ሲጽፉ፣ ከብራናው ጥራዝ ጋር አብሮ እንዲታሰር ነው። ለፈላጊ አስቸጋሪ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ገጽ በገጽ እየገለጡ ነው የሚያገኙት። ለማጥፋት ግን ከዚያ ይበልጥ ያስቸግራል።

ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ። ከሰው ጋር የምንተማመንበት ጽሑፍ ይሰፋ፤ ከራሳችን ጋር የምንከራከርበት ይፈታ። ቦታቸውን ካለዋወጥን ሐሳባችን ይታሰራል፣ ሂሳባችን ይፈታል።