ከስቱኮው በታች



አሰላ በሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ቆማለች። እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት ናት። ባለቤቷ ከመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎቻችን አንዱ ነበሩ። ወደ ኢተያ፣ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ወንጌላውያንን አመላልሰውባታል፤ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሰውባታል። እሳቸው ወደ ጌታ ሲሰበሰቡ ባለቤታቸው፣ «የእናንተው ትሁን» ብለው ሰጡን።

ቮልስ በአገራችን ታሪክ ያላት መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህች ዓይነት ትንሽ መኪና ነበር። የእኛዋ ግን ንጉሥ ሳይሆን የጌታን አገልጋዮች ያመላለሰች ስለሆነች በምሥረታ በዓላችን ቀን አዲስ ቀለም ተቀብታ ሕዝቡ እንዲያያት ፈለግን። በዓሉ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ባትላሜራው መጥቶ ዞር ዞር እያለ አያት። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ፓራፋንጎው ላይ ሲያስጠጋው ያዘ። በሩ ሥር ሲያስጠጋው ወደቀ። ከኋላ መስኮቱ በታችም ወደቀ። «ይኼ ላሜራ አይደለም፣ ስቱኮ ነው» አለን። ዝገት የበላውን ቦታ ሳያክሙ ስቱኮ እየለጠፉ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ ከላይ ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል። እኛም ቸኩለን ነበርና «እንደዚያው አድርገህ ቀባልን» አልነው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እቀባላችኋለሁ፤ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ያብጥና ይፈነዳል። አዳማ ወስዳችሁ በአሸዋ አስመቷት» አለን።

አስፈታናት። የቮልስ አካል ከወለሉና ከሻሲው ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ለብቻው ይነሣል። በአይሱዙ ጭነን አዳማ ወሰድነው። የነዳጅ ታንከርና የተሳቢ አካል የሚያጸዱበት ቦታ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ኮምፕሬሰሩ የጨመቀው አየር በወፍራም ጎማ ያልፋል፤ ደቃቅና ጠጣር የድንጋይ ፍርካሽ ከአየሩ ጋር በጠባብ አፍ እየተተኮሰ ቀለሙን፣ ስቱኮውንና ዝገቱን ይገፋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1870 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ቤንጃሚን ቲልግማን የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ሠራተኛው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቆብ አጥልቆ ነበር። የወንዝ አሸዋ ለምን እንደማይጠቀሙ ስንጠይቀው፣ አሸዋው ሲሰባበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ስለሚያደነድን ነው አለን። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። እንግሊዝ አገር ለዚህ ዓይነት ሥራ በአሸዋ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ደንብ ከልክላለች።

ሁለት ነገር ልብ አልን። የመጀመሪያው፣ ሰውየው ግፊቱን ቀንሶ ነበር የሚሠራው። ለታንከር የሚሆነው ኃይል ለቮልስ ላሜራ አይሆንም። አንድ ቦታ ላይ ከቆየበት ስሱ ላሜራ ይጣመማል፤ ስለዚህ አፉን ሰያፍ ይዞ፣ እጁን ሳያቆም ነበር የሚያጸዳው። ሁለተኛው፣ ሲጨርስ ያየነው ነው። ደህና ነው ያልነው ቦታ ሁሉ እንደ ወንፊት ተበስቶ ተገኘ። የባሰው ደግሞ ወለሉ ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን በልቶታል። ያ ሁሉ ወንጌላዊ ተቀምጦ የዘመረው በዚያ ላይ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ስለ መኪና አይደለም።

ከስምንት ዓመት በፊት የቤተ ክርስቲያናችንን ሒሳብ የምትይዝ አንዲት እህት ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ መጣች። ለሕንፃው ከተሰበሰበው መባ ላይ ከመካከላችን አንዱ ተበድሮ እንዳልመለሰ፣ መዝገቡም ይህን እንደሚያሳይ ነገረችን። እውነቷን ነበር። እኛ ግን የተጀመረው ሕንፃ እንዳይቆም፣ ሕዝቡም እንዳይናወጥ ብለን «ለሰላም ሲባል ዝም በዪ» አልናት። እምቢ ስትል ከአገልግሎት አነሣናት። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ «የሒሳብ ስህተት ነበር፣ ተስተካክሏል» ብለን አወጅን። ሕዝቡም የተሳሳተችው እሷ እንደሆነች ተረዳ። እኛም እንዲያ እንዲረዳ ተውነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

ስለ እሷ ጸልየናል። «ጌታ ሆይ፣ የኮበለለችውን መልስ» ብለን ነበር የምንጸልየው።

ከአዳማ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ሽቅብ ስንወጣ በመኪናው ውስጥ የሚናገር አልነበረም። ያ ገንዘቡን የተበደረው ወንድማችን ከኋላ ተቀምጦ ነበር። «ያን ገንዘብ እኮ እስከ ዛሬ አልመለስኩም» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። እኛም ማንኛችንም አላጽናናነውም፤ ምክንያቱም እሱ ተበደረ እንጂ ሸፋፍነን ያስተካከልነው ሁላችን ነን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ስለሚሉ ነቢያት ይናገራል። ምሳሌው ግንብና ምርጊት ነው። ደካማ ግንብ ሲሠራ እነሱ ከላይ ይመርጉታል፤ ዶፍ ሲመጣ ግን ምርጊቱ አያድነውም፤ ግንቡ ይፈርሳል፣ መሠረቱም ይገለጣል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! ሁልጊዜም የሰበክነው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነበር። እኛ «ለሰላም ሲባል» ያልነው ቃል በዚያ ምዕራፍ ውስጥ እንዳለ ያየነው በዚያ ሌሊት ነው።

በማግስቱ ወደ እህታችን ቤት ሄድን። በሩን ከፍታ ስታየን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ግቡ አለችን። ቡና አፈላች። በደላችንን በየተራ ተናገርን፤ ወንድማችንም ተንበርክኮ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። «ይቅር ብያችኋለሁ። ግን ስሜ የጠፋው እዚህ ቤት አይደለም። በሕዝቡ ፊት ያላችሁትን በሕዝቡ ፊት መልሱት» አለች።

እውነት እንናገር፤ ይህን አልጠበቅንም። ይቅርታዋን ተቀብለን፣ ጸልየን፣ በዓላችንን በሰላም ልናከብር ነበር የሄድነው። ያም ሌላ ስቱኮ በሆነ ነበር።

በ1ኛ ዮሐንስ 1 በብርሃን መመላለስና ከኃጢአት መንጻት አብረው የሚሄዱ ናቸው። የኢየሱስ ደም የሚያነጻው ወደ ብርሃን የወጣውን ነው። ዘኬዎስም በሉቃስ 19 ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። በመክፈሉ አልዳነም፤ መዳን ወደ ቤቱ ስለገባ ግን ከፈለ።

በቀጣዩ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመን ሁሉንም ተናገርን። ስሟን አነጻን፤ መዝገቡን ለሕዝቡ ከፈትን። ገንዘቡን ወንድማችን፣ እኛም እንደ አቅማችን ከየኪሳችን እየመለስን ነው። ሁለት ቤተሰቦች አዝነው ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዱ፤ አንፈርድባቸውም። የቀሩትም አንዳንዶቹ ሲያዩን አንገታቸውን ያቀረቅራሉ። እህታችን እስካሁን አልተመለሰችም። «መልስልን» ብለን መጸለይ ግን አቁመናል፤ አሁን የምንጸልየው እኛ እንድንመለስ ነው።

ባዶ ላሜራ ታጥቦ እንደወጣ ልብስ አይደለም፤ እርጥበት ካገኘው በአንድ ሌሊት እንደገና ይዝጋል። ስለዚህ የአዳማው ሠራተኛ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀባው። ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰውም እንዲሁ ባዶውን አይተውም። ይህን ስናይ ወንድማችንን አገለልነው እንጂ አልጣልነውም፤ ከአገልግሎት ወርዶ በየሳምንቱ ሁለት ወንድሞች አብረውት ይጸልያሉ። ገላትያ 6 የወደቀውን በየዋህነት አቅኑት የሚለን ለዚህ ነው፤ ስስ ላሜራ በታንከር ግፊት አይጸዳም።

ይህን የምታነቡና ገና ጌታን የምትፈልጉ ወገኖቻችን፣ ምናልባት በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሽፋን ተሰናክላችሁ ይሆናል። አንከራከራችሁም። ብቻ ከሽፋናችን በታች ያለውን ጌታ አስቀድሞ እንደሚያውቅ፣ አውቆም እንዳልጣለን እንመሰክርላችኋለን።

በዓሉ ደረሰ፤ ቮልሷ ግን አልደረሰችም። ወለሏ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ እየተበየደላት ነበር። በአንቲረስት ብቻ፣ ያለ በር፣ ያለ መብራት ግቢው ውስጥ አቆምናት። ልጆች «ቀለም መቼ ነው የምትቀባው?» እያሉ ይጠይቁናል። ብየዳው ሲያልቅ ነው እንላቸዋለን።

እግዚአብሔር ሆይ፣ የሸፈንነውን አንተ ግለጠው፤ የገለጥኸውን በልጅህ ደም አንጻው። አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።